እናኑን ያስተማርኋት

ሰው «ምን ነበር የምታስተምሪው?» ሲለኝ መልሱ አጭር ሆኖልኝ አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪ «ሒሳብ» ብሎ ይገላገላል። የእኔ ትምህርት ግን እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ስሙ ሲለዋወጥ ኖረ። ስጀምር «ንግድ ሥራ» ነበር። ቀጥሎ «ጽሕፈትና ሽያጭ» ተባለ። አንድ ጊዜ ጭራሽ ተሰረዘ ተብሎ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰዱ በኋላ «የገበያ ሥራና መስተንግዶ» ተብሎ ተመለሰ፤ ወንበሮቹ ግን አልተመለሱም። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ደግሞ ሌላ ረጅም ስም ወጥቶለት ነበር፤ እሱን በቃሌ ለመያዝ አልደከምሁም። ስሙ ምንም ይሁን ሥራዬ አንድ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ሰው ፊት ቆመው ዕቃ እንዲሸጡ፣ እንግዳ እንዲቀበሉ፣ ምግብ እንዲያቀርቡ ማስተማር።

የተሸኘሁ ዕለት መምህራኑ አዋጥተው ጋቢ አለበሱኝ። መስታወት የተገጠመለት የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። «ሐቀኛና ታታሪ» ይላል። ታታሪውን እቀበላለሁ፤ በጉንፋን ቀርቼ አላውቅም። ሐቀኛ የሚለው ላይ ግን ዓይኔ ተተክሎ ቀረ፤ እንባዬም መጣ። ሰው ሁሉ ደስታ ያስለቀሰኝ መሰለው። እኔ ግን የማስበው እናኑ የምትባል ተማሪዬን ነበር። ይኼን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ወደ እሷ ለመድረስ ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ ማክሰኝት ነበር። የተሰጠኝ አንዲት የጽሕፈት መኪናና ክፍል ሙሉ ተማሪ ነው። ካርቶን ቆርጠን ፊደሎቹን በየቦታቸው ጻፍንበትና ልጆቹ በካርቶኑ ላይ ጣታቸውን ሲያሠለጥኑ ዋሉ። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ድምፅ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ልጆቹ ጠረጴዛ ይነካካሉ። «ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ። «እየጻፉ ነው» አልሁት። አላመነኝም፤ ግን ሪፖርቱ ላይ «ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። በገበያ ቀን ደግሞ ተማሪ ሁሉ ከወላጁ ጋር እህልና ከብት ሊሸጥ ስለሚወጣ ለባዶ ወንበር ከማስተማር እኔም ተከትዬ ገበያ መውጣት ጀመርሁ። ደመወዙ ያው የአስተማሪ ደመወዝ ነው፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

ከዚያ ጎንደር ተዛወርሁ። እዚያ ነው ከጋሽ ኢድሪስ ጋር የተገናኘሁት።

ጋሽ ኢድሪስ ከእኔ በፊት የነበሩ የሽያጭ አስተማሪ ናቸው። ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። እሳቸው ተምረው መምህር ቢሆኑም ሱቁን አልለቀቁትም፤ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሱቅ። ጠመኔ የነካ እጃቸውን በመሐረብ ሳይጠርጉ ጨርቅ አይነኩም ነበር። ስደርስ ጥሩ ውጤት ይዤ የተመረቅሁ ወጣት ነበርሁ፤ ራሴንም ትንሽ አልወድም አልልም። የሚያውቁኝ እስኪመስለኝ ድረስ ረጋ ብለው አዩኝና «ዘውዴ፣ ለአንድ ወር ቁጭ ብለሽ እይ» አሉኝ። ተናደድሁ። ግን አየሁ።

አንድ ጣቃ ጨርቅ ተሸክመው ክፍል ይገባሉ። ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉና «ነውሩን ፈልጉ» ይላሉ። ልጆቹ እየተጋፉ ይፈልጋሉ። የተበጠሰ ክር፣ የቀለም ነጠብጣብ፣ ጠርዙ ላይ የሳሳ ቦታ ይገኛል። «እንግዲህ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት ይኼን ነው። ሳይጠይቃችሁ።»

አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ታዲያ ማን ይገዛናል?» አላቸው።

«ዛሬ ላይገዛህ ይችላል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሌላ ሱቅ ሳይረግጥ አንተ ዘንድ ይመጣል። ሚስቱንም ይዞ ይመጣል።»

ይኼንን ትምህርት ከሳቸው ወስጄ እስከ ጡረታዬ አስተማርሁት። ቃሉን እንኳ አልቀየርሁም።

ሌላው የሳቸው ነገር ትዕግሥት ነው። «ከደጋ የወረደ ሰው የሚፈልገውን መጀመሪያ አይጠይቅም» ይላሉ። «ለልጁ ሠርግ ቀሚስ ሊገዛ መጥቶ የክብሪት ዋጋ ይጠይቅሻል። የክብሪቱን ንገሪውና ዱላውን የሚያስደግፍበት ቦታ አሳዪው። ከዚያ ዝም ነው።» እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ የተማርሁትን ላሳይ ብዬ አንድ ቀን ሱቃቸው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ላይ ዘመትሁባቸው። «ምን ልርዳዎት አባቴ፣ ጋቢ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ይኼ አዲስ የገባ ነው» ስል ሰውዬው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ደጃፉን አልፈው ሄዱ። ጋሽ ኢድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘውዴ፣ ሌባ ያየ ሰው እንኳ እንዲህ አይሸሽም» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ አሾፉብኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሱቃቸው ውስጥ ሲቀመጡ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው እናኑ የመጣችው። ከኮሶዬ በኩል ናት፤ አባቷ ገብስና ድንች የሚያርስ ሰው ነው፤ እሷ ጎንደር ቤት ተከራይታ ከእህቷ ጋር ትማር ነበር። ቁመቷ አጠር ያለ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ። ሰባት ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ አስይዣት ደረጃ ስትወጣ ውሃው አይነቃነቅም። እንግዳ ስትቀበል ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ፊቷን ሳታጠቁር፣ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ቁጭ ታደርጋለች። ማስተማር ከጀመርሁ እንደሷ ያለች አላጋጠመችኝም። «ይቺን ልጅ ጋሽ ኢድሪስ ሱቅ ነው የማስገባት» ብዬ ወሰንሁ። ነገርኋትም፤ ለአባቷ ሁሉ ልካ አስነገረች። ልምምዷን እዚያ ካደረገች በቋሚነት እንደሚይዟት እሳቸውም ቃል ሰጥተውኝ ነበር። ሁለቱም እህትማማቾች ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት መንገድ እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት አዲስ ርእሰ መምህር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን «ተማሪዎቹ ልምምድ የሚወጡባቸው ሱቆችና ምግብ ቤቶች ካልተገኙ ይኼ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት አይቀጥልም» አለኝ። የነጋዴውን ደጅ አንድ በአንድ ዞርሁ። «እናስብበት» ይሉኛል። መጨረሻ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ሄጄ አለቀስሁ ማለት ይቻላል።

«በወሬ አታሳምኛቸውም» አሉኝ። «ምሳ ጥሪያቸው። ልጆቹ ሲያስተናግዱ በዓይናቸው ይዩ። እኔም እመጣለሁ፤ እኔ አለሁ ካልሻቸው አይቀሩም።»

እንዳሉትም አልቀሩም። ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ ወጡ ሁለት ቦታ መሠራት ነበረበት። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ክርስቲያን ቤት ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤት በሙስሊም እጅ ታርዶ፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ለብቻ ይሠራል። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ለብቻ ያልተሠራለት እንግዳ ነው። እኛም ሁለት በግ ገዛን። አንዱ በክርስቲያን፣ አንዱ በሙስሊም እጅ ታረደ። ለሙስሊም እንግዶች አንዲት ሙስሊም እናት መጥተው ሠሩልን። ሁለቱም ቀይ ወጥ ነው፤ ቢታዩ አይለዩም። የሙስሊሞቹ ድስት ጆሮው ላይ አረንጓዴ ሪባን ታሠረበት።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ።

ጥቀርሻ የጠጣ ድስት እንግዳ ፊት አይቀርብም የሚል የመስተንግዶ መጽሐፍ ነበረኝ። ሁለት ትላልቅ ነጭ ሳህኖች ተውሼ አመጣሁና ወጡ ወደ እነሱ ይገልበጥ አልሁ። እናኑ ሪባኑን ፈትታ ያዘችና «ቲቸር፣ ይኼንን የት እንሠረው?» አለችኝ።

«ሪባን ጠረጴዛ ላይ አያምርም። ካርድ እናቆማለን።»

«ሳህኑ ላይ ብናስረው ይሻል ነበር።»

«እናኑ፣ የሠርግ ቤት አይደለም» አልኋት።

ካርዶቹ ላይ «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ከሳህኖቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆምኋቸው። እንግዶቹ መግባት ሲጀምሩ የጠረጴዛው ልብስ መኻሉ ላይ ተጨማዶ አየሁ። ዓይኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አያልፍም። ሁለቱንም ሳህኖች አንሥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥሁ፤ ልብሱን በእጄ ዳበስ ዳበስ አድርጌ ዘረጋሁ፤ ሳህኖቹን መለስሁ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ።

ሰው ተቀመጠ፤ የእጅ ውሃ ዞረ። ጋሽ ኢድሪስ በዕድሜ ትልቁ ስለሆኑ ቀድሞ የቀረበላቸው እሳቸው ናቸው፤ ያቀረበችላቸውም እናኑ። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። «ሸጋ ነው ልጄ» ሲሏት ከሩቅ ሰማሁ። ልጅቷ ለሚቀጥለው እንግዳ ልትቀዳ ተመለሰች፤ ጭልፋውን አነሣችና ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር» አለች ጆሮዬ ሥር። «ሳህኖቹ ተለዋውጠዋል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጫፉ የተሸረፈው የእኛ ነበር። እኔ ነኝ የገለበጥሁበት። አሁን በሙስሊሞቹ ካርድ በኩል ነው ያለ።»

«ለማን ሰጠሽ?»

«ለጋሽ ኢድሪስ። ለሌላ ሰው ገና ነኝ።» ፊቷ አመድ ሆኗል። «ሄጄ ልንገራቸው?»

እዚያ ክፍል ውስጥ ርእሰ መምህሩ አለ፤ ነጋዴዎቹ ሁሉ አሉ፤ የክፍሉ ዕጣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይኼን ሁሉ አሰብሁ። ሰውዬውን ግን አላሰብሁም።

«ሌላ ማን አየ?» አልኋት።

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያ ዝም በይ።»

«ቲቸር፣ እየበሉ እኮ ነው።»

«ዝም በይ አልሁሽ። ፈገግ በይና ሥራሽን ቀጥይ።»

ፈገግ አለች። በደንብ ያስተማርኋት ፈገግታ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠረጠረም። እኔ «ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው» ብዬ ሳህኖቹን ወደ ጓዳ ወሰድሁና በየቦታቸው መለስኋቸው። ለሌሎቹ ሁሉ የሚገባቸው ቀረበ። ጋሽ ኢድሪስ ግን ፊታቸው ያለውን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡ። ነጋዴዎቹ ያን ዕለት ልጆቹን ሁሉ ተቀበሉልን። ርእሰ መምህሩ ጨበጠኝ። ክፍሉ ዳነ።

በማግስቱ ለብቻችን ስንሆን እናኑ እንደገና ጠየቀችኝ። «ልንገራቸውና ሱቃቸው ልግባ» አለች። እኔ ያለፈ ነገር መቀስቀስ ለማንም አይጠቅምም፣ እሳቸውም ሳያውቁ የበሉት ነው፣ ነጋዴዎቹ ቢሰሙ ልጆቹን ያባርሯቸዋል አልኋት። የማስተማር ችሎታዬን ሁሉ ተጠቀምሁ።

«ምነው ቲቸር» አለችኝ፣ «ይኼን ይዤ ፊታቸው እንዴት እቆማለሁ? በየቀኑ እያየኋቸው?»

«ይረሳል።»

«እንግዲያ አልሄድም።»

አልሄደችም። ጋሽ ኢድሪስ ሦስት ቀን ጠብቀው መጡ። «ያቺ እጀ ጥሩ ልጅ የት አለች? ቦታ አዘጋጅቼላት» አሉ። ታማለች ልል አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት፤ እሳቸው የታመመ ሰው ሳይጠይቁ የማያድሩ ናቸው፤ ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። ስለዚህ የባሰውን መረጥሁ። «ሱቅ መቆም ንቃ ነው፤ ቢሮ ነው የምፈልገው አለች» አልኋቸው። «እንዲያ አትመስልም ነበር» ብለው ሄዱ።

እናኑ በዚያ ዓመት መጨረሻ ትምህርቱን ተወች። አባቷ አንዷን ብቻ ነው የማስተምር ብሎ ታናሽቱ ቀጠለች። ከዓመታት በኋላ ከኮሶዬ የሚመጡ ተማሪዎች እዚያው አገሯ በደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት እንደከፈተች ነገሩኝ። ለፈተና ቁጥጥር ወደ ደባርቅ ስንላክ መኪናው በደጇ ያልፋል። ሌላው ሰው ወርደን ምሳ እንብላ ሲል እኔ ሆዴን አመመኝ እላለሁ፤ ፊቴንም ወደ ገደሉ በኩል አዞራለሁ። በየዓመቱ ደግሞ አንድ ጣቃ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ነውሩን መጀመሪያ አሳዩ» ስል ኖርሁ። ሰው ይኼን ያህል ዓይኑን በጨው ሊያጥብ እንደሚችል በራሴ አየሁ።

ከተሸኘሁ በኋላ ያ የምስጋና ወረቀት ቤቴ ውስጥ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጋሽ ኢድሪስ ቤት ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ሱቁን ለልጆቻቸው ሰጥተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ከፊታቸው ተቀምጬ ስለ ሳህኖቹ ነገርኋቸው። ምንም ሳላስቀር፣ የሪባኑንም፣ የልብሱንም፣ «ዝም በይ» ያልሁትንም፣ ስለ ልጅቷ የዋሸሁትንም።

እኔ የጠበቅሁት ስለ ሥጋው እንዲቆጡኝ ነው።

«ሳላውቅ የበላሁት ከአላህ ጋር የእኔ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለእኔ ተይልኝ» አሉ። «ልጅቷ ግን መጥታ ነበር።»

«የት?»

«ሱቅ። በማግስቱ ዓመት፣ መስከረም ላይ። በር ላይ ቆማ ‹ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁ› አለችኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ልትለምን መሰለኝ። አንቺ የነገርሽኝ በሆዴ አለ። ‹ሱቅ የናቀ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል፣ ሂጂ ቢሮሽን ፈልጊ› አልኋት። ሰው ፊት ነው ያልኋት።» መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረባቸው ይጠርጉ ጀመር። «ዞራ ሄደች። እኔ በሕይወቴ ሰው ከሱቄ አባርሬ አላውቅም፤ እሷን ነው ያባረርሁት። ዘውዴ፣ አንድ ሐቅ ልትነግረን የመጣችን ልጅ አንቺም እኔም አፏን ዘጋን።»

ይቅርታ ልል ስል ዱላቸውን ፈለጉ።

«ነገ ጠዋት ታክሲ ይዘሽ ነይ» አሉ።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ጋሽ ኢድሪስ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። የእናኑ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ንጹሕ፣ ሹፌሮችና መንገደኞች የሚያርፉበት ቤት ነው። አራት ወጣት ሴቶች ያስተናግዳሉ። እሷ ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች፤ ሞላ ብላለች፤ እጇ ያው ነው። እኔን አይታ «ቲቸር» አለችና ከኋላዬ ያሉትን ጋሽ ኢድሪስን አየች። መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ወንበር ሰጠችን። የእጅ ውሃ ራሷ አመጣች።

«አያ ኢድሪስ» አለቻቸው፤ በአገሯ ወግ ነው የጠራቻቸው። «በዚህ ቤት ያለው ሥጋ የክርስቲያን ነው። ድስቱም ሥጋ የገባበት ነው። ለእርስዎ ድንች በአዲስ ድስት አስቀቅላለሁ፤ ሻይም አለ።»

«ድንቹ ይበቃኛል ልጄ።»

ድንቹ ቀርቦ ሻይ ተቀዳ። እሷ ግን ከጠረጴዛው አልራቀችም። ሻሿን አስተካከለች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፤ ሳልነግርዎት ዓመታት አለፉ» አለች።

እኔ ነግሬያቸዋለሁ ልል ከወንበሬ ተነሣሁ። ጋሽ ኢድሪስ ወደ እኔ ሳያዩ እጃቸውን አነሡብኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። «ንገሪኝ፤ እየሰማሁ ነው» አሏት።

ነገረቻቸው። የተሸረፈውን ሳህን፣ የቀዳችላቸውን ጭልፋ፣ «ሸጋ ነው» ያሏትን። እሳቸው እንደ አዲስ ነገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሟት። አንድ ጊዜም አላቋረጧትም። ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ትከሻዋ ግን ወረደላት።

«ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ» አሉ። «በር ላይ ቆመሽ ልትነግሪኝ ስትመጪ ማባረሬ የእኔ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ።» ቀጥለው ደግሞ ጠየቋት። «ግን ያን ዕለት ምነው አልነገርሽኝም?»

ሆን ብለው ነው የጠየቁት። ከሷ ይልቅ ለእኔ የቀረበ ጥያቄ መሆኑን አውቄዋለሁ። እናኑ በዓይኗ ጫፍ እኔን አየችኝ። አራቱም አስተናጋጆቿ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ፈራሁ» አለች። «ልጅ ነበርሁ።»

ይኼን ሁሉ ዓመት አልፋ አሁንም እኔን ልትሸፍነኝ ነው።

«አልፈራችም» አልሁ። «ልትነግርዎት ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ዝም በይ ያልኋት እኔ ነኝ። ሳህኑን የለዋወጥሁትም እኔ ነኝ። እናኑ፣ ጋሽ ኢድሪስ ያባረሩሽም በእኔ ነው። ሱቅ ንቃ ቀረች ብዬ ነግሬያቸው ነበር።»

የመጨረሻውን አታውቅም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። «እንዲያ ብለው ነገሯቸው?» አለችኝ። «ንቃለች ብለው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋውን ጠርጥረው የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር።»

ይቅርታ አልኋት፤ ከጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የድንች ልጣጭ እየለቀመች ሰማችኝ፤ ይቅር ብያለሁም አላለች፣ አላልሁምም አላለች። ልጣጩን ሳህን ላይ አድርጋ ቀና አለች። ወደ አራቱ ልጆች ዞረች።

«ኑ፣ እዚህ ቁሙ» አለቻቸው። መጥተው በረድፍ ቆሙ። አንዷ ትሪ እንደያዘች ነው። «እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ቲቸር እኒህ ናቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ተማሪ ሆና አንድ ያልገባት ነገር ስትጠይቀኝ የነበረው ድምፅ ነው። «ቲቸር፣ ያን ቀን ያስተማሩኝ ስሕተት ከነበረ፣ ለእነዚህ ደግመው ያስተምሩልኝ። እኔ እንደነገሩኝ ‹ዝም በሉ፣ ፈገግ በሉ› ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ።»

ልጆቹ አዩኝ። ከጡረታዬ ወዲህ ተማሪ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ተነሣሁ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ምን እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው ነገርኋቸው።